ኤሌክትሮላይዘሩ ሲያንቀላፋ

እንደምን አመሻችሁ።

ይህን ንግግር ላዘጋጅ ስቀመጥ ቀድማ ትዝ ያለችኝ እናቴ ናት። በደወልኩላት ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ አንድ ጥያቄ አላት፤ «ልጄ፣ ያንን የሚፈነዳ ነገር አሁንም ትሠራለህ?» ትለኛለች። «እማዬ፣ አይፈነዳም አልኩሽ እኮ» እያልኩ ዓመታት አለፉ። አሁን ሳስበው መልሴ ልክ አልነበረም። ማለት የነበረብኝ «እንዳይፈነዳ የሚጠብቀው አንድ ስስ ነገር መሃሉ ላይ አለ፤ እኔ ደግሞ የምውለው እሱን ስጠብቅ ነው» ነበር። የምሠራው ኤሌክትሮላይዘር ነው፤ ውሃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን የሚለያይ ማሽን። ዛሬ የማወራችሁ መሃሉ ላይ ስላለው ስለዚያ ስስ ነገር ነው።

ቁራጩን ይዤው መጥቻለሁ። ከፊት ያላችሁ እየተቀባበላችሁ ወደ ኋላ አሳልፉት። መስከረም ላይ ደብተር የምንሸፍንበትን ላስቲክ አይመስልም? ውፍረቱ 0.18 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሜምብሬን እንለዋለን፤ ይህኛው ናፊዮን 117 የሚባለው ነው። ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ዋልተር ግሮት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያገኘው ሲሆን፣ የማይጣበቀው መጥበሻ ላይ የምታውቁት የቴፍሎን የሥጋ ዘመድ ነው። ከቴፍሎን የሚለየው ጎን ለጎኑ የአሲድ ጅራት የተንጠለጠለበት መሆኑ ነው። ውሃ ሲጠጣ በእነዚያ ጅራቶች በኩል ፕሮቶን ያሳልፋል፤ ኤሌክትሮን አያሳልፍም። ጋዝም አያሳልፍም ይባላል። ይህችን «ይባላል» ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። በነገራችን ላይ፣ ያ ቁራጭ በእጃችሁ ከዳሰሳችሁት በኋላ ለሥራ አይሆንም። የላባችሁ ጨው ብቻ ያበላሸዋል።

ውሃን በኤሌክትሪክ መለያየት አዲስ ነገር አይደለም። ዊልያም ኒኮልሰንና አንቶኒ ካርላይል የቮልታን ባትሪ ወሬ እንደሰሙ እ.ኤ.አ. በ1800 ለንደን ላይ ሞክረውት ሠርቷል። ሒሳቡም ቀላል ነው፤ 9 ኪሎ ውሃ 1 ኪሎ ሃይድሮጂንና 8 ኪሎ ኦክስጅን ይሰጣል። ለአንዱ ኪሎ ሃይድሮጂን በዛሬ ማሽን 50 ኪሎዋት ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ መብራት ይበላል። አስቸጋሪው መለያየቱ አይደለም። የተለያዩትን እንደተለያዩ ማቆየቱ ነው። ሁለቱ ጋዞች በአንድ ሳጥን ውስጥ፣ ከዚህች ላስቲክ ወዲያና ወዲህ፣ ተኳርፈው እንደሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ከተገናኙ ደግሞ ጭቅጭቁ ሰፊ ነው፦ ሃይድሮጂን በኦክስጅን ውስጥ ከ4 በመቶ አንስቶ እስከ 94 በመቶ ድረስ ይቀጣጠላል። ለመቀጣጠል የሚፈልገው ጉልበት በተራ አየር ውስጥ እንኳ 0.02 ሚሊጁል ገደማ ነው፤ በኦክስጅን ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ሹራባችሁን ስታወልቁ ፀጉራችሁ ላይ የሚንጣጣው ብልጭታ ከዚያ ይበልጣል።

እንግዲህ ወደ «ይባላል» ልመለስ። ሜምብሬኑ ጋዝ ያሳልፋል። ሁልጊዜም ያሳልፋል። አዲስ ሆኖ፣ ምንም ቀዳዳ ሳይኖረው፣ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ሃይድሮጂን በውስጡ ይሾልካል። ቁሱ ውሃ የጠጣ ነው፤ ጋዙ በውሃው ውስጥ እየሟሟ በዝግታ ወደ ማዶ ይሻገራል። በተለይ የሃይድሮጂኑን ወገን በ30 ባር ግፊት ስታስሩት፣ ግፊቱ ራሱ ከኋላ ይገፋዋል። ይህን ማቆም አይቻልም፤ ማሳነስ ነው የሚቻለው። ማሳነሻውም ሜምብሬኑን ማወፈር ነው።

ታዲያ ለምን አናወፍረውም? ገንዘብ ነዋ! ሜምብሬኑ በወፈረ ቁጥር ፕሮቶኑ ሩቅ መንገድ ይሄዳል፤ ቮልቴጅ ይጨምራል፤ ቆጣሪ ይሮጣል። ይህን የ0.18 ሚሊሜትር ሽፋን በ0.05 ሚሊሜትር ብትተኩት፣ በካሬ ሴንቲሜትር 2 አምፒር እያሠራችሁት በእያንዳንዱ ሴል (የማሽኑ አንድ ክፍል) ወደ 0.2 ቮልት ትቆጥባላችሁ። አንድ ቮልት በአንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ላይ 26.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ 0.2 ቮልት ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሆነ። ከመብራት ወጪያችሁ አንድ አሥረኛ! የትኛው ባለሀብት እንቢ ይላል? ነገር ግን በዚያው ልክ የሚሾልከው ጋዝ ሦስት ዕጥፍ ተኩል ይሆናል። ገበያ ላይ ስለ ኤሌክትሮላይዘር «ኤፊሸንሲ» ሲወራ ሁለተኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ አይነሳም። እኔ ሻጭ ቢመጣብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ሁለተኛውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ መጣሁ። ሰው ሁሉ ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ሲጮህ ይፈራዋል። እኔ የምፈራው ኃይሉ ሲቀንስ ነው።

ለምን እንደሆነ በወጥ ላስረዳችሁ። አንድ ቁንጥር ጨው በትልቅ ድስት ወጥ ላይ ብትጨምሩ ማንም አያውቅባችሁም። ያንኑ ቁንጥር በቡና ስኒ ውስጥ ጨምራችሁ ቅመሱት። ጨዋችን የሚሾልከው ሃይድሮጂን ነው፤ ድስታችን የሚመረተው ኦክስጅን። የሚሾልከውን የሚወስነው ግፊቱና የሜምብሬኑ ውፍረት ስለሆነ፣ መብራቱን ብትቀንሱም መሹለኩ ከሞላ ጎደል እዚያው ላይ ይቆያል። የሚመረተው ኦክስጅን ግን ከመብራቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። በሙሉ ጭነት በኦክስጅኑ ውስጥ 1 በመቶ ሃይድሮጂን አለ እንበል። ጭነቱን ግማሽ ስታደርጉት 2 በመቶ ሆነ፤ ብዙ ጣቢያዎች ማሽኑን የሚያጠፉት እዚህ ላይ ነው። ሩብ ስታደርጉት 4 በመቶ ገባችሁ። ምንም የተበላሸ ነገር የለም። አዲስ ማሽን ነው። ኃይሉን ዝቅ ስላደረጋችሁት ብቻ የሚቀጣጠል ድብልቅ ሠራችሁ።

ኃይል ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ማን ነው? ፀሐይና ነፋስ። ጎህ ሲቀድ፣ ደመና ሲያልፍ፣ ማምሻው ላይ።

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ጋንግኑንግ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 2019 የሆነው ይኸው ነው። በፀሐይ ኃይል ውሃ እየለየ ሃይድሮጂን የሚያጠራቅም የሙከራ ጣቢያ ነበር። ታንኩ ፈነዳ፤ 2 ሰዎች ሞቱ፣ 6 ቆሰሉ። ከሰለባዎቹ ውስጥ ቦታውን ሊጎበኙ የመጡ እንግዶች ነበሩበት። ምርመራው ያገኘው፣ በዚህ ጊዜ በተገላቢጦሽ፣ የሃይድሮጂኑ ታንክ ውስጥ ኦክስጅን ከ6 በመቶ በላይ ገብቶ እንደነበር ነው። ቅድም ያልኳችሁን 94 በመቶ አስታውሱ፤ ሃይድሮጂኑ ከ94 በታች ወረደ ማለት ኦክስጅኑ ከ6 በላይ ወጣ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው ብልጭታ ብቻ ነው፤ እሱንም የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ማሽኑ ከተመደበለት በታች በሆነ ኃይል ይሠራ ነበር፤ ኦክስጅኑን ከሃይድሮጂኑ ውስጥ የሚያጠራው መሣሪያም አልተገጠመም። እኔ ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ስነግር ሁልጊዜ አንድ ሰው «ሃይድሮጂን አደገኛ ነው ማለት ነው?» ይላል። እዚያ ጣቢያ ላይ የጎደለው የታወቀ መሣሪያ ነው፤ ያልታወቀ ሳይንስ አልነበረም።

አባቶቻችን በነበሩበት ዘመን ይህ ጣጣ እንዲህ አልጎላም። በዚህ በእኛው በዓባይ ላይ፣ አስዋን ከተማ፣ ኪማ የሚባለው የማዳበሪያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ከግድቡ በሚያገኘው መብራት ውሃ እየለየ አሞኒያ ይሠራ ነበር። ከዚያም በፊት ኖርዌይ ውስጥ ርዩካን፣ በኋላም ዚምባብዌ ውስጥ ክዌክዌ ተመሳሳይ ነገር ነበር። ሁሉም የአልካላይን ማሽኖች ናቸው፤ ውሃው ውስጥ ካስቲክ ፖታሽ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የዚያን ዘመን ነገር ሆኖ በአብዛኛው የአስቤስቶስ ጨርቅ። አስቤስቶስ ሳንባ እንደሚጎዳ ከታወቀ ወዲህ በሌላ ተተካ፤ ዛሬ በብዛት የሚታወቀው የቤልጂየሙ ዚርፎን ነው፤ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በፕላስቲክ የተያዘበት። ግን ልብ በሉ፤ እነዚያ አሮጌ ማሽኖች በዚያ ሁሉ ጨርቅ ብዙ አሥርት ዓመታት የቆዩት ጨርቁ ልዩ ስለሆነ አይመስለኝም። ግድብ የማያንቀላፋ የመብራት ምንጭ ስለሆነ ነው። ቀንና ሌሊት እኩል ይሠሩ ነበር።

እስካሁን የነገርኳችሁ ጤነኛ ሜምብሬን የሚያመጣውን ነው። የታመመው ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱንም በራሴ ጥፋት ልንገራችሁ።

ጀርመን አገር፣ ስሙን በማልጠራው ቤተ ሙከራ፣ ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሴል ለረጅም ጊዜ የማሠራት ኃላፊነት ተሰጠኝ። ሥራው ውሃ እየዞረ፣ ቮልቴጅ እየመዘገብኩ፣ ቡና እየጠጣሁ መቀመጥ ነው። አንድ ቀን የውሃው መስመር ላይ የነበረች የፕላስቲክ መጋጠሚያ ሰነጠቀች። ቅዳሜ ነበር፤ መለዋወጫ የለም። መሳቢያ ውስጥ ስፈልግ ልኬቷ ልክ የሆነች የብረት መጋጠሚያ አገኘሁ። ገጠምኳት፤ አላፈሰሰችም፤ ኮራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ቮልቴጁ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። የውሃውን ንጽሕና የሚለካው መሣሪያ ግን «ደህና ነው» ይላል። ለምን? መሣሪያው የተተከለው ከመጋጠሚያዋ በፊት ነው! ንጹሕ ውሃ ለክቶ ያሳልፋል፤ ውሃው ከዚያ በኋላ ዝገት ይዞ ወደ ሴሉ ይገባል። ከዚያ በኦክስጅኑ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ወደ ላይ ወጣና ማሽኑ ራሱን አጠፋ። ከፈትነው። ሲገባ እንደ መስታወት የነበረው ሜምብሬን የሻይ ቀለም ይዟል። ጡረታው የደረሰ አንድ ቴክኒሻን ነበር፤ ምንም ሳይናገር ሜምብሬኑን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወደ መስኮቱ ወሰደው። በብርሃኑ ፊት ሲይዘው፣ ማሸጊያው ጎማ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ፣ በመርፌ የተወጋ የምትመስል አንዲት ነጥብ አበራች። ዞር ብሎ አየኝና «መጋጠሚያውን ማን ገጠመው?» አለ። እኔ ነኝ አልኩ።

ውስጡ የሆነው እንዲህ ነው። ሃይድሮጂን ወደ ኦክስጅኑ እንደሚሾልክ ሁሉ፣ ኦክስጅንም በትንሹ ወደ ሃይድሮጂኑ ይሾልካል። እዚያ ኤሌክትሮዱ ላይ ባለው ፕላቲነም ላይ ሲገናኙ ጥቂት ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ቁስል የምናጥብበት ያው እሱ። ብቻውን ብዙ አይጎዳም። ብረት ካገኘ ግን ሄንሪ ፌንተን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1894 ያሳየው ነገር ይሆናል፤ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ነገር ይወለዳል። የሜምብሬኑን ሰንሰለት ከጫፉ ጀምሮ እየነከሰ ይበላዋል። ሜምብሬኑ ይሳሳል፤ በሳሳ ቁጥር የበለጠ ጋዝ ያሳልፋል፤ የበለጠ ጋዝ ሲያሳልፍ የበለጠ ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል። ብረቱ ሌላም ጉዳት አለው፤ የፕሮቶኑን መቀመጫ ይይዝበታል፤ ቮልቴጁ የወጣው ለዚህ ነው።

ሜምብሬን ሲሞት አይጮህም፤ ግን ምልክት ይተዋል። ምልክቱን ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከዝዋይ፣ ከመቂ፣ ከናዝሬት የመጣችሁ ካላችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ፦ ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው ያው ፍሎራይድ። ሜምብሬኑ በፍሎሪን የተሸፈነ ስለሆነ ሰንሰለቱ ሲበላ ፍሎራይዱ ከውሃው ጋር ይወጣል። ስለዚህ ከሴሉ የሚወጣውን ውሃ በየጊዜው ብትለኩ፣ ቮልቴጁ ገና ምንም ሳይል ሜምብሬኑ ስንት እንደቀረው መገመት ትችላላችሁ። ያን ጊዜ እኔ አልለካሁም። ዛሬ በምሠራበት ቦታ ሳይለካ ሳምንት አያልፍም። የሚገርመኝ፣ ይህ መበላት በሙሉ ጭነት ላይ እየባሰ መሄድ ያለበት ይመስላል፤ ሙከራዎች ግን ፍሎራይዱ የሚበዛው በዝቅተኛው ጭነት አካባቢ እንደሆነ አሳይተዋል። እንደገና ያው ማንቀላፋት።

ስለ ቀዳዳዋም አንድ ነገር። ለምን ጠርዝ ላይ? ሜምብሬን ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ፀሐይ ላይ እንደተወጠረ ቁርበት ይኮማተራል። መሃሉ በሁለት ወገን ተደግፎ ተይዟል። ጠርዙ ላይ ግን ጎማው አጥብቆ ይዞታል፤ ከጎማው ወዲያ ደግሞ ነፃ ነው። ማሽኑ በጠፋና በበራ ቁጥር እዚያች መስመር ላይ ይታጠፋል። በ80 ዲግሪ ሙቀት፣ በግፊት፣ በሺህ ጊዜ። ሽቦ እያጠፋችሁ እያቃናችሁ ስትሰብሩት የምታደርጉት እሱን ነው። በዚህ ላይ ከጎኑ ያለው የታይታኒየም ወንፊት እሾህ ካለው ይወጋዋል። ስለዚህ ጥሩ ሴል የሚሠራ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው ጠርዙ ላይ ነው፤ የጎማው ጫፍ እንዳይቆርጥ፣ ብሎኖቹ ተራ በተራ፣ በመስቀለኛ፣ በእኩል ኃይል እንዲጠብቁ። የመኪና ቴስታ የምትገጥሙ መካኒኮች ይህን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

መድኃኒቶቹስ? አሉ፤ ጥሩም ናቸው። ሜምብሬኑ መሃል ላይ በተዘረጋ የቴፍሎን መረብ ያጠናክሩታል፤ ሲለጠጥና ሲኮማተር ልክ እንዲኖረው። ሴሪየም ይጨምሩበታል፤ ያን የሚነክሰውን ራዲካል ሳይነክስ ያከሽፈዋል፤ ችግሩ ሴሪየሙ ራሱ ከጊዜ ጋር ከቦታው ይሸሻል። ከሁሉ የምወደው ግን ፕላቲነሙን ነው። ሜምብሬኑ ውስጥ፣ ወደ ኦክስጅኑ ወገን ጠጋ ብሎ፣ እጅግ ጥቂት ፕላቲነም ይረጫል። የሚሾልከው ሃይድሮጂን ማዶ ሳይደርስ እዚያው ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ይህ ነው ስስ ሜምብሬን መጠቀምን ያስቻለው። ስጋቴንም ልንገራችሁ፦ ይህ ዘበኛ በጣም ጎበዝ ስለሆነ ሜምብሬኑ ሲሳሳ መሣሪያችሁ ላይ ላይታይ ይችላል። ዘበኛው ከአቅሙ በላይ የሆነ ቀን ቁጥሩ በአንዴ ይዘላል። ፕላቲነም አስገብቻለሁ ብሎ ፍሎራይድ መለካት የሚያቆም መሐንዲስ ካያችሁ ጠይቁት።

አምራቾች ዛሬ ከ60,000 እስከ 80,000 ሰዓት እንዲቆይ ነው የሚያልሙት። 80,000 ሰዓት ማለት ያለ ዕረፍት ዘጠኝ ዓመት ነው። «ያለ ዕረፍት» የምትለዋ ቃል ላይ ነው ሁሉም ነገር ያለው።

ወደ አገራችን ልምጣ፤ ይህንን ካልተናገርኩ የማታስወጡኝ ይመስለኛል። የህዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት። ሃይድሮጂን የሚለው ቃል በየስብሰባው እየተነሳ ነው፤ ከሱም ማዳበሪያ። ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል፤ «ትርፍ መብራት» የሚለው ሐሳብ። ሌሊት ሰው ሲተኛ የሚተርፈውን እንስጠው፣ ምሽት ሲፈለግ እንቀማው፣ እንደገና እንስጠው ይባላል። በወረቀት ላይ መብራቱ ነፃ ይመስላል። ሜምብሬኑ ግን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፣ በየቀኑ ያንቀላፋል። ከግድብ የሚመጣ መብራት ፀሐይና ነፋስ የሌላቸው ፀጋ አለው፤ ሳይቆራረጥ መስጠት ይችላል። እኔ ብሆን ማሽኑን አሳንሼ፣ ያቺን ትንሿን ሌት ተቀን በእኩል ኃይል አሠራት ነበር፤ ትልቅ ገዝቼ በየማታው ከማስተኛው።

መብራት ድንገት ሲጠፋስ? ይህን ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም። በ30 ባር የታሰረ ሃይድሮጂን መብራት ጠፋ ብሎ አይጠብቅም፤ መሹለኩን ይቀጥላል፤ ማዶ ግን አዲስ ኦክስጅን አይመረትም። ስለዚህ ግፊቱን የሚያስተነፍሰው ቫልቭ መብራት ሲኖር የሚዘጋ፣ ሲጠፋ በራሱ ሞላ (ስፕሪንግ) ተገፍቶ የሚከፈት መሆን አለበት። የቀረውን ጋዝ ጠርጎ የሚያስወጣ ናይትሮጅን ደግሞ በሲሊንደር ተዘጋጅቶ ይቆማል። ጨረታ ስታወጡ ይህን በመጀመሪያው ገጽ ጻፉት።

ንግግሩ አልቆ ጥያቄ ሲከፈት፣ ከኋላ የተቀመጠ ወጣት እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ሠፈራችን ውስጥ የባትሪ ውሃና ጨው በጠርሙስ አድርገው፣ ሁለት ብረት ከተው፣ ጋዙን ወደ መኪና ሞተር የሚያስገቡ ልጆች አሉ፤ ነዳጅ ይቆጥባል ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ።

ጨው ከጨመሩ በአንዱ ብረት በኩል ክሎሪን እየተነፈሱ እንደሆነ ነገርኩት። ስለ ነዳጁ ከመኪናው ዲናሞ ከወሰዱት በላይ እንደማይመልስላቸው ነገርኩት። ከዚያ «ጠርሙሱ ስንት ቱቦ አለው?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «አንድ» አለ።

አዳራሹ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ስልኩን አውጥቶ መደወል ጀመረ።